አንድ ጭስ፣ ሁለት ቀረጥ

መጋቢት 3 ቀን

«የላካችሁት የጭስ መግለጫ ያልተሟላ ሆኖ ስላገኘነው የዓመቱን ልቀት በሙሉ በወል ግምት ተክተነዋል። በክፍለ ሀገራችሁ ከፍለናል ያላችሁት የካርቦን ክፍያም ተቀናሽ አይሆንም። ስለ ትብብራችሁ እናመሰግናለን።»

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፤

ከላይ ያሰፈርኩት ከጉምሩካችሁ የደረሰን ደብዳቤ ቃል በቃል ነው። እናንተ ከምትጽፉበት ቋንቋ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ አንድም ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ከሥሩ ያለው ፊርማ ያንቺ ነው። የመጨረሻውን ፊደል ወደ ላይ ገትረሽ የምትተይበት ልማድ ከተማሪነትሽ ጀምሮ አልለቀቀሽም።

ሰላምታ ማስቀደም ነበረብኝ። እንደምን አለሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። ሰላምታው ይኸው ነው፤ አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ።

አንቺ ወረቀታችንን እንጂ ፋብሪካችንን አይተሽ አታውቂም። እኛ ብሎን ሠርተን አንቺ ወዳለሽበት አገር እንልካለን። ሽቦ እንቆርጣለን፣ ጭንቅላትና ጥርስ እናወጣለታለን፣ ከዚያ በጋዝ ምድጃ አግለን ዘይት ውስጥ ነክረን እናጠነክረዋለን። ጭሱ የሚወጣው ከምድጃው ነው። ለዚያ ጭስ የኛ ክፍለ ሀገር በየሦስት ወሩ ያስከፍለናል፤ ሠራተኛው «የጭስ ግብር» ይለዋል። ከፍለናል። ደረሰኞቹን ከመግለጫው ጋር አያይዤ ልኬአለሁ። ከወንዙ ማዶ ያለው ክፍለ ሀገር ግን አዲስ አስተዳዳሪ ሲሾም ክፍያውን በአንድ ጀምበር ሰረዘው። አንድ አገር ነው፣ በመሃል ያለው አንድ ድልድይ ነው፤ ወዲህ ጭስ ስታወጪ ትከፍያለሽ፣ ወዲያ ስታወጪ አትከፍይም። ይህንንስ እሺ እንበል፣ የራሳችን ጣጣ ነው። አሁን ደግሞ እናንተ ድንበር ላይ ቆማችሁ ለዚያው ለከፈልንበት ጭስ እንደገና ልታስከፍሉን ነው።

የወል ግምት ምን እንደሆነ ደንባችሁን አንብቤ ተረድቻለሁ። ጭሱን ለክቶ ላላቀረበ ፋብሪካ ሁሉ የሚለጠፍ አንድ ቁጥር ነው፤ የተወሰደውም ጭስ ከሚያወጡት ሁሉ ከከፉት ነው። ከኛ እውነተኛ ጭስ እጥፍ ይሆናል። እኛ ግን ለክተናል። በየዕለቱ ቆጣሪው ሥር ቆሜ ያነበብኩት እኔ ራሴ ነኝ።

የፋብሪካው ባለቤት ደብዳቤያችሁን ካነበበ በኋላ ቢሮዬ ገብቶ፣ ሳይቀመጥ፣ «ታዲያ እዚህ ምን አስቀመጠን?» አለኝ። «ድንበር ላይ ከወዲህም ከወዲያም እኩል የሚቀርጡ ከሆነ፣ እዚህ በላዩ ላይ የምከፍለው ለምንድነው?» ሰውየው የጠየቀው ትክክል ነው። ምድጃውን ነቅሎ ከወንዙ ማዶ ሊተክለው አስቧል። ምድጃው ከሄደ ሰማንያ የሚሆን ሰው ሥራ ያጣል። ታናሽ ወንድምሽ የምድጃ ሠራተኛ መሆኑን አልረሳሽም ብዬ አምናለሁ።

ምክንያታችሁን በጽሑፍ ግለጪልኝ። «ደንቡ ነው» ብለሽ አትመልሺልኝ። የትኛው አንቀጽ፣ የትኛው መሥመር?

የአጎትሽ ልጅ


መጋቢት 29 ቀን

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምና ጤና ለአንተና ለቤትህ ሁሉ እመኛለሁ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱም እየለቀቀ ነው። ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ፊት ለፊት ለመነጋገር ያብቃን።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ደስ አለኝ፤ እስክከፍተው።

የዘገየሁት ልቤ ጨክኖ አይደለም። መዝገብን የሚመለከት ነገር ከቢሮ ውጭ መጻፍ ስለማይፈቀድልኝ፣ የቱን ጽፌ የቱን ልተው እያልኩ ነው። የምችለውን ልጻፍልህ። በመግለጫችሁ ላይ በጋዝ ፍጆታው ዓምድ፣ በጥቅምትና በኅዳር ሳጥኖች ውስጥ፣ «አልተለካም» ተብሎ ተጽፏል። የኛ ሥርዓት ቁጥር እንጂ ቃል አይቀበልም። አንድ ሳጥን ባዶ ሆኖ ካገኘ ዓመቱን በሙሉ ይጥለውና የወል ግምቱን ያስገባል። ይህን ያደረገው ሰው ሳይሆን ኮምፒዩተር ነው፤ እኔ የፈረምኩት ውጤቱን ነው። ማረሚያ እስከ ሰኔ መጨረሻ እንቀበላለን። እባክህ ባዶዎቹን ሙላቸው።

በተቀናሹ ግን እጄ አጭር ነው። ደረሰኙን የሰጠው ክፍለ ሀገር እንጂ ማዕከላዊ መንግሥት አይደለም። አገራችሁ ውስጥ ክፍያው እዚህ ኖሮ እዚያ ስለሌለ፣ መሥሪያ ቤታችን እንደ አገር ክፍያ አይቆጥረውም። ሌላም ሥጋት አላቸው፤ አንዳንድ ቦታ ፋብሪካው በግራ እጁ ከፍሎ በቀኝ እጁ ተመላሽ ይቀበላል።

ታናሽ ወንድሜ ስልክ አያነሳም። መጀመሪያ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ነበር። አሁን አንድ ወር አለፈው። ደህና ነው? በአንተ በኩል ትንሽ ገንዘብ ልኬለታለሁ፤ ጫማም ይሁን ሌላ የሚያስፈልገውን ይግዛበት። እንዴት እንዳለ ጻፍልኝ።

አክባሪህ
የአክስትህ ልጅ


ሚያዝያ 7 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ደብዳቤሽ በደህና ደረሰኝ።

«አገራችሁ» አልሽ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልለፈው።

«ሙላ» አልሽኝ። በምን ልሙላው? የምድጃው ጋዝ ቆጣሪ ጥቅምት መግቢያ ላይ ቆመ። ፈተን ለጥገና ላክነው፤ ጠጋኙ ዕቃ ከውጭ ይመጣል እያለ ሲያመላልሰን ኅዳር አልቆ ተመለሰ። በመሃሉ ምድጃው አልቆመም፣ ጋዝ ተቃጥሏል። ስንት? አላውቅም። የማላውቀውን አልተለካም ብዬ ጻፍኩ። ይህ ጥፋት ከሆነ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ ስሳሳት ኖሬአለሁ ማለት ነው።

ምክር አጥቼም አይደለም። የሽያጭ ኃላፊያችን መግለጫው ከመላኩ በፊት ጠረጴዛዬን ተደግፎ ቆመና፣

«ኢንጂነር፣ አንድ ቁጥር ጣል ያድርጉበትና ይሂድ» አለኝ።

«ከየት አምጥቼ?»

«ከመስከረም ይገልብጡት።»

«መስከረም ጥቅምት ነው?»

«ለድንበሩ ሰዎች ምን ለውጥ አለው? ያው ጭስ ነው።»

«ቆጣሪው በሌለበት ያነበብኩትን ቁጥር ከፈለግህ አንተ ፈርምበት» አልኩት። አልፈረመም። «ውኃ ቀጠነ ብለው ይጣላሉ» እያለ ወጣ። ይህን የምልሽ ልትስቂ ትችያለሽና ነው፤ እኔ አልሳቅሁም።

አሁን ደግሞ የሚገርምሽን ልንገርሽ። ማዶ ያለው ተፎካካሪያችን የሚሸጠው እኛ ለምንሸጥለት ገዢ ነው። የነሱ የሽያጭ ሰው መግለጫቸውን ለኛው ሰው አሳይቶታል፣ እየሳቀ። ዓሥራ ሁለቱም ወር አንድ ቁጥር ነው። ትዕዛዝ የበዛበትም ወር፣ ምድጃ ለጽዳት የሚጠፋበትም ወር፣ እስከ ነጥቧ ድረስ አንድ ነው። ያ መግለጫ ያለ አንዳች ጥያቄ አልፏል። ማን እንዳሳለፈው አልጠይቅሽም።

እንግዲህ እንዲህ ነው። የዋሸው ተለክቷል ተባለ፤ የለካው አልለካም ተባለ። ማዶ ያለው ለጭሱ ምንም አይከፍልም፤ እኔ ሁለት ጊዜ እከፍላለሁ። ባለቤቱ ባለፈው ሰኞ ማዶ ተሻግሮ መሬት አይቶ መጥቷል። ጫማው ላይ ቀይ አፈር ነበር፤ የኛ አፈር ጥቁር ነው።

በኔ በኩል የላክሽውን ገንዘብ በመጣበት መንገድ መልሼ ልኬልሻለሁ። ወንድምሽ አልቀበልም ብሏል።

አሁንም የምጠይቅሽ ያንኑ ነው፤ አንቀጹን፣ በጽሑፍ።

የአጎትሽ ልጅ


ግንቦት 12 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ጤናህን እመኛለሁ። ከልቤ ነው፣ ብናደድም።

ይህን ደብዳቤ ጽፌ ቀድጄ፣ ጽፌ ቀድጄ ነው የዘገየሁት። ይኸኛውን አልቀደውም።

ቢሮዬ አራተኛ ፎቅ ነው። መስኮቱ የኮንቴይነር ግቢ ያሳያል፤ ቀኑን ሙሉ ክሬኑ ቢጫውን አንስቶ ሰማያዊው ላይ ያስቀምጣል። ከስንት አገር የሚመጣ የብረት፣ የሲሚንቶ፣ የማዳበሪያ መግለጫ በፊቴ ያልፋል። ሰው ያላወቀውን ሳጥን ምን እንደሚያደርገው ታውቃለህ? ዜሮ ይጽፍበታል። ያለፈውን ወር ይገለብጥበታል። የናንተ መዝገብ ሲደርሰኝ የፋብሪካውን ስም ከማየቴ በፊት «አልተለካም» የሚለውን አየሁ። እንደዚያ ብሎ የሚጽፍ ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው የማውቀው። ቤተሰቡ ማስመሪያ የሚልህ በከንቱ አይደለም።

የዘመድ መዝገብ ሲገጥመኝ ለሌላ ገምጋሚ ማስተላለፍ አለብኝ። ሌላው ማለት አጠገቤ የሚቀመጠው ሰውዬ ነው። እሱ የማረሚያ ጊዜ አይሰጥም፤ ይዘጋል፣ ምሳውን ይበላል። ስለዚህ አላስተላለፍኩም። አፌን ዘግቼ ያዝኩት። ይህ ቢታወቅ በዚያው ቀን ዕቃዬን በካርቶን ይዤ እወጣለሁ።

ከመፈረሜ በፊት ደውዬልህ ነበር፤ ረስተኸዋል። ከቢሮ ወጥቼ፣ መንገድ ላይ ቆሜ፣ በራሴ ስልክ። «ጋሼ፣ ያ መግለጫ» ከማለቴ «የሥራ ነገር በስልክ አልሰማም፤ በጽሑፍ አድርጊው» አልከኝ። በጽሑፍ ላደርገው እንደማልችል በስልክ ልነግርህ ነበር የደወልኩት። አንተ ግን ስለ ብርዱ ጠየቅከኝ። ስለ ብርዱ ነገርኩህ። ዘጋን። በማግስቱ ፈረምኩ።

አንቀጽ አንቀጽ ትላለህ። አንቀጹ «በማስረጃ የተደገፈ ግምት ይፈቀዳል» ይላል። ግምት ውሸት አይደለም፣ ጋሼ። በነዚያ ሁለት ወራት ስንት ቶን ብሎን እንዳጠነከራችሁ ታውቃለህ። ለአንድ ቶን ስንት ጋዝ እንደሚሄድ ከሌሎቹ ወራት ታውቃለህ። ማባዛትም ታውቃለህ፤ እኔን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ ያውም እያስለቀስክ። እንዴት እንደገመትክ ጻፍና ፈርምበት፤ በቃ።

ስለ ማዶው ፋብሪካ አልጠይቅሽም እያልክ ጠየቅከኝ። አዎ፣ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ሳጥኖቹ ሙሉ ነበሩ። የኔ ሥራ ባዶ መፈለግ ነው፣ መጠርጠር አይደለም። መጠርጠር ደመወዙ ከኔ የሚበልጥ ሰው ሥራ ነው፤ እሱም በዓመት አንዴ ነው የሚጠረጥረው።

ለተቀናሹ አንድ ቀዳዳ አለ። የክፍለ ሀገራችሁ ገንዘብ ቢሮ የከፈላችሁት ክፍያ እንዳልተመለሰላችሁ በማኅተም ካረጋገጠ ጥያቄው ወደ ኃላፊዬ ይወጣል። እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግን ይወጣል።

ስለ ታናሽ ወንድሜ ጠየቅኩህ። ገንዘቡን መለስክልኝ እንጂ መልስ አልሰጠኸኝም። እያንዳንዷን ነጥብ የምትቆጥር ሰው ይህን እንዴት ዘለልከው? ያልጻፍከውን ነገር ከሦስት ቀን በላይ አስቤበታለሁ፤ በየቀኑም እየከፋ ነው የሄደው። ጻፍልኝ።

የአክስትህ ልጅ


ግንቦት 26 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥልኝ።

ደውለሻል። እውነትሽን ነው፣ ትዝ አለኝ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ቢሮዬን ቆልፌ ግቢውን ዞርኩ። አሁንም በስልክ ሥራ አልወድም፤ የዚያን ቀን ግን ዝም ብዬ ባዳምጥሽ ኖሮ ይህ ሁሉ ወረቀት ባልተጻፈ ነበር። ይህን ያህል ብቻ እላለሁ፤ ከዚህ በላይ አትጠብቂ።

ግምቱን ሠርቻለሁ። ሳልወድ ነው የሠራሁት። የየወሩን ቶንና የየወሩን ጋዝ አስተያየሁ። ብሎኑ ሲወፍር ጋዙ ስለሚጨምር የወፍራሙንና የቀጭኑን ለየሁ። ያለ ቆጣሪ ለቀረንባቸው ወራት ሦስት ቁጥር ወጣልኝ፣ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ። የላክሁት ከፍተኛውን ነው። የሽያጭ ኃላፊው «ደግሞ ራስዎ ላይ ይጨምሩ!» ብሎ ፀጉሩን ይዞ ነበር። ስሕተት ካለ በኛ ላይ እንጂ በማንም ላይ እንዳይሆን ነው ብዬዋለሁ። በገጹ አናት ላይ «ይህ ልክ አይደለም፤ ግምት ነው» ብዬ ጽፌበታለሁ። እንዳትሰርዢው።

ማረጋገጫውን ለማግኘት ደግሞ ገንዘብ ቢሮ ተመላለስኩ። በመስኮቱ ያለችው ወይዘሮ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ነው የምታናግረው።

«ተመላሽ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?»

«አናውቅም።»

«እንግዲያው የተመላሽ መዝገብ የላችሁም። መዝገብ ለሌለው ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እንደሌለን ጻፊልኝ።»

«የሌለ ነገር እንዴት ይጻፋል፣ ጋሼ? እርስዎ ቢሆኑ ይጽፋሉ?»

እኔ ብሆን አልጽፍም። ከኋላዬ ያለው ሰው በክርኑ ይገፋኛል። ትንሽ አየችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለምን ተመላሽ አይጠይቁም? ሲጠይቁ እንከለክልዎታለን። ስንከለክል በጽሑፍ ነው» አለችኝ።

እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደማይገባኝ እያወቅኩ፣ ሊከለክሉኝ ተመላሽ ጠየቅኩ። በሳምንቱ «ጥያቄያችሁ ተቀባይነት የለውም፤ ከክፍያው የተመለሰ የለም፣ የሚመለስም የለም» የሚል ደብዳቤ ማኅተም አርፎበት መጣ። ወይዘሮዋ በመስኮቱ ስታቀብለኝ «እንኳን ደስ አለዎት» አለችኝ። ዋናውን አያይዤልሻለሁ።

አሁን ስለ ወንድምሽ። ያልጻፍኩት ብዙ ነገር ስላልሆነ ነው፤ ትንሽ ነገር ነው፣ ግን በየቀኑ ነው።

ፊርማው የእኅቱ መሆኑን የሽያጭ ኃላፊው አወቀ፤ እሱ ካወቀ ሁሉም አወቀ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድምሽን በስሙ የሚጠራው የለም። «ጉምሩክ» ነው የሚሉት። ምሳ ቤት ሲገባ ሳህናቸውን ያነሱለታል፦

«ጉምሩክ፣ ይቺ ዳቦ ትለፍ ወይስ ትፈተሽ?»

«መግለጫዋ ተሟልቷል ወይ?»

«ጥቅምት ላይ ያልተለካ አለባት።»

መጀመሪያ አብሯቸው ይስቅ ነበር፤ እንዲያውም «አታልፍም፣ ጭሷ በዝቷል» እያለ ይመልስላቸው ነበር። ከዚያ የባለቤቱ አሳብ ተሰማ። ሰዎቹ መሳቃቸውን አልተዉም፣ ሳቁ ግን ሌላ ሆነ። አሁን ምሳውን ምድጃው አጠገብ ቆሞ ነው የሚበላው። ስልኩ ሲጮኽ ሁሉም ዞር ስለሚል ድምፁን አጥፍቶታል። ጠላኝ ብለሽ እንዳታስቢ። ጤንነቱ ደህና ነው። ከሥቷል።

ይህን ቀድሞ መጻፍ ይገባኝ ነበር ትይኝ ይሆናል። ጽፌው ቢሆን ምን ታደርጊ ነበር? ትደውያለሽ። አያነሳም።

የአጎትሽ ልጅ


ሰኔ 8 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ጋሼ፤

ጤናውን ያብዛልህ። ይህን በፈጣን መልእክት የምልከው የምሥራች ስላለኝ ነው፤ ግማሽ ቢሆንም።

ግምትህ ተቀባይነት አግኝቷል። የወል ግምቱ ተነሥቶ በራሳችሁ ቁጥር ተተክቷል። አናት ላይ የጻፍካትን ዓረፍተ ነገር አልሰረዝኳትም፤ አጠገቤ ያለው ሰውዬ አይቷት «ይህ ሰው ታሟል?» አለ። «አዎ፣ ቆይቷል» አልኩት።

ስለ ተቀናሹ፣ የገንዘብ ቢሮውን ደብዳቤ ለኃላፊዬ አቀረብኩ። አነበበው፤ ገለበጠው፤ እንደገና አነበበው። «ክፍያው እውነት ነው» አለ። «ታዲያ ይቀነስ?» አልኩት። «ይታያል፣ ችግር ያለበት አይመስለኝም» አለኝ። ይጻፍልኝ ስለው ግን አይሆንም አለ። ለናንተ ክፍለ ሀገር ከተጻፈ በየአገሩ ያለ ክፍለ ሀገር ሁሉ ነገ ደረሰኝ ይዞ በር ላይ ይሰለፋል ነው የሚለው። በቃል ግን ተስፋ ሰጥቶኛል። ጋሼ፣ እዚህ «ችግር የለበትም» ሲሉ ብዙ ጊዜ ችግር የለበትም። ባለቤቱን በዚህ አረጋጋው። እስከሚመጣው ዓመት ይታገሥ።

ስለ ታናሽ ወንድሜ የጻፍከውን አንብቤ ሥራ ልሄድ አልቻልኩም፤ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ገንዘብ አልልክም። አንድ ነገር ብቻ ንገርልኝ። ከመፈረሜ በፊት ለአንተ ደውዬ እንደነበር ንገረው። ሌላ ምንም አትጨምር። ለእሱ ብቻ ንገረው፤ ሌላ ሰው ጆሮ ከገባ እኔ የለሁም።

እኅትህ


ሰኔ 16 ቀን

ይድረስ ለእኅቴ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የወል ግምቱ በመነሣቱ አመሰግናለሁ። ማመስገን ሲገባ አመሰግናለሁ፤ የቀረውን ደግሞ እናገራለሁ።

ለወንድምሽ ነግሬዋለሁ፣ ብቻውን፣ ከፈረቃ ሲወጣ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ። እስክጨርስ ጓንቱን ሲያወልቅና ሲያጠልቅ ቆየ። ከዚያ «ታዲያ ለምን ለኔ አልደወለችም?» አለኝ። «እኔ በስልክ እሰማ ነበር።» ሌላ ምንም አትጨምር ስላልሽኝ አልጨመርኩም። መልሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ጻፊለት። የፋብሪካውን ሳይሆን የቤቱን አድራሻ ተጠቀሚ።

አሁን ወደ «ይታያል» ልምጣ።

ይህን ቃል ይዤ ባለቤቱ ዘንድ ገባሁ። ልክ እንደ ጻፍሽው ነገርኩት፤ ኃላፊው እንዲህ አለ፣ እንዲህ ተስፋ ሰጠ። የነቀላውን ውል ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ነበር።

«ወረቀቱ የታለ?» አለኝ።

«በቃል ነው።»

«ድንበር ላይ ቀረጡን ሲጠይቁኝ በቃል ነው የሚጠይቁኝ?»

«አይደለም።»

«አንተ በቃል የተነገረህን ተቀብለህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አልኩት። እሱም አልፎ አልፎ ደግ ሰው ነው፤ መልሴን አልተጠቀመበትም። ብዕሩን ክዳኑ ውስጥ መለሰና፣ «የጭስ ግብሩ የሚያስከፋኝ አይምሰልህ» አለኝ። «አንዴ ልክፈል፣ እከፍላለሁ። እዚህ ከከፈልኩ እዚያ ይቀነስልኝ፤ እዚያ ከከፈልኩ እዚህ ይተዉኝ። ይህን የሚል አንድ ወረቀት ካመጣህልኝ ምድጃው ካለበት አይነቃነቅም። ካላመጣህልኝ ሰኔ 30 ጋዙ ይዘጋል።»

ምድጃ እንደ መብራት በርቶ የሚጠፋና መልሶ የሚበራ ዕቃ አይደለም። ውስጡ በጡብ የተለበጠ ነው። ጡቡ ለዓመታት ሳይሰነጠቅ የኖረው ቀስ በቀስ ስለምናግለውና ለጽዳትም ሲሆን በጥንቃቄ ስለምናበርደው ነው። ሊነቅሉት ሲሉ ግን የሚያበርዱት በጥድፊያ ነው፤ ጡቡም ይሰነጠቃል። በሐምሌ ወር «ተፈቅዷል» የሚል ደብዳቤ ብትልኪልኝ የምትልኪው ለፍርስራሽ ነው። «እስከሚመጣው ዓመት ይታገሥ» ያልሽውን አሁን ደግመሽ አንብቢው።

ኃላፊሽ ለእነሱ ከጻፍኩ ለሁሉም መጻፍ ይኖርብኛል ይላል። ይጻፍ። የሁሉም ጭስ አንድ ከሆነና ቀረጡ ከሁሉም የሚጠየቅ ከሆነ፣ ተቀናሹ ለሁሉም መጻፉ ምኑ ነው የሚያስፈራው? አገሩ ተስማምቶ በአንድነት ካላስከፈለ አንቆጥርም ትላላችሁ። የማዶው አስተዳዳሪ ደግሞ እነሱ ድንበር ላይ ይቀርጡን የለም ወይ፣ እኔ ለምን ላስከፍል ይላል። የኛው አስተዳዳሪ ከናንተ ቀድሜ አስከፈልኩ ብሎ በየስብሰባው ይኮራል። ሦስታችሁም የየራሳችሁ ምክንያት አላችሁ፤ ሦስታችሁም ሒሳቡን የምትልኩት ወደ አንድ ምድጃ ነው። ደንባችሁ የወጣው ጭስ እንዲቀንስ ነው ተብሎ መግቢያው ላይ ተጽፏል። ምድጃው ማዶ ሲተከል ጭሱ አይቀንስም። ወንዝ ይሻገራል፣ ያውም የሚለካው ሰው ሳይኖር።

አዲስ ነገር እየጠየቅኩሽ አይደለም። ደረሰኙ እጃችሁ ላይ ነው። ተመላሽ እንደሌለ በማኅተም ተረጋግጦ እጃችሁ ላይ ነው። ኃላፊሽ «ክፍያው እውነት ነው» ብሏል። የቀረው አንድ መሥመር ነው፤ በክፍለ ሀገሩ የተከፈለው ክፍያ ከድንበር ቀረጡ ይቀነሳል፣ ወይም አይቀነስም። ኃላፊሽ ካልፈረመ ወደ በላይ አለቃው ውጪ። አለቃውም ካልፈረመ አልፈርምም ማለቱን ይጻፍልኝ።

አይቀነስም ከሆነም ጻፊው። በዚህ አልቆጣም ብዬ አልዋሽሽም፤ ግን ጻፊው። ሰኔ 30 የጋዙን መክፈቻ የሚዘጋው ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔ ነኝ፤ ሰማንያ ሰው ከኋላዬ ቆሞ ያየኛል። ዞሬ «ለምንድነው?» ሲሉኝ «ይታያል ተብለን ነው» ልላቸው አልችልም።

መልስሽን፣ ቀን ያለበት፣ ማኅተም ያለበት፣ ከሥሩም የፈረመው ሰው ስም ሙሉ ሆኖ የሚነበብበት፣ እስከ ሰኔ 28 ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ